የትርንጎ ዕድሜ

ሰኞ፣ ኅዳር 10

የምትስቅ መስሎኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ለነገ ካሳደርኩት ብዕሬ ያሳምረዋል። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ደጃፍ በጃንጥላ ሥር ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ራፖር ጸሐፊ ነኝና ማሳመሩን አውቅበታለሁ። ዛሬ አላሳምርም።

ትናንት ባለቤቴ ትርንጎ ከቅዳሴ ስትመለስ አንገቷን እንደ ወታደር ቀጥ አድርጋ ነበር የምትራመደው። በሩ ላይ ጠብቄ «ምነው ትርንጎዬ፣ ሻለቃ አደረጉሽ እንዴ?» አልኳት። አፏ ግራና ቀኝ ተለጠጠ፤ ጥርሷ ታየ። ሳቀች አልኩ። ከተጋባን አርባ አራት ዓመታችን ነው፤ በአንድ ቀልዴ ሁለት ጊዜ ስቃልኝ አታውቅም። ትናንት ግን ቀኑን ሙሉ ሳቀችልኝ። የልብ ልብ ተሰማኝ። የቀበሌያችንን ሊቀ መንበር የዳምጤን አረማመድ፣ እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ ሆድን ማስቀደሙን፣ ከጓዳ እስከ ሳሎን ሄጄ አሳየኋት። ሳቀች። ምሳ አልበላም ስትል «ጥርስሽ እንዳይሸፈን ነው?» አልኳት። ያው ሳቅ። ቃል አልመለሰችልኝም። ሽማግሌ ሳቅ ካገኘ ቃል አይጠይቅም።

አመሻሹ ላይ ልጃችን ዘነበች መጣች። ኮተቤ አስተማሪ ናት። እናቷን ገና ከበር እንዳየቻት ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«አባዬ፣ እማዬ እኮ እየሳቀች አይደለም።»

ቦርሳው መሬት ሲነካ በወጣው ድምፅ የትርንጎ ጀርባ እንደ ደጋን ተገተረ።

ዛሬ ጠዋት በውይይት ታክሲ ሆስፒታል ወሰድናት። ፊት ለፊት ተፋጠው የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ጥርሷን እያዩ መልሰው ፈገግ ይሉላት ነበር። አንዱ ገልቱ «እናታችን ዛሬ ደስ ብሏቸዋል» አለ። ጉልበቱን በከዘራዬ ብለው በወደድኩ።

መንጋጋ ቆልፍ ነው አሉን። ቁስሉ የት አለ? ተረከዟ ላይ። ምን ወጋት? ምስማር። የምን ምስማር? የዶሮ ቤት።

ከዚህ በላይ አልተናገርኩም። ለዚህ ደብተር ግን እናገራለሁ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ከተሰቀሉት የመፈክር ሰሌዳዎች አንዷን ነፋስ ጥሏት ሲግናል መንገድ ዳር ሁለት ሳምንት ተጋድማ ነበር። አዘንኩላትና ወደ ቤት ወሰድኳት። ዶሮዎቼ «ወደፊት!» በሚል ቀይ ቃል ሥር ነው የሚያድሩት። ትርንጎ ምስማሩ ወጥቷል፣ አጉብጠው አለችኝ። ነገ አልኩ። ኅዳር 1 ቀን ወጋት። ምስማሩን ያጎበጥኩት ግን ዛሬ ከሆስፒታል ስመለስ ነው። በስምንት ምት። አንድ ምት ነበር የሚበቃው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይሉታል። አራት አልጋ፣ አንድ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ የተጋረደ መስኮት። ትርንጎ ጥጉ ላይ ናት። በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቷል። በየጊዜው መርፌ ይወጓታል፤ ታንቀላፋለች፤ ጥርሷ ግን አሁንም ይታያል።

ነርሷ ሲስተር ውብዓለም ትባላለች። ሰፊ ሴት ናት፤ ስትራመድ ግን እንደ ድመት ናት። በር ላይ አስቁማ ሕጉን ነገረችኝ። «እዚህ ክፍል ድምፅ አይገባም። ወንበር መጎተት የለም። ማሳል የለም። ጮክ ያለ ቃል ጡንቻቸውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሲንቀጠቀጡ ትንፋሻቸው ሊያዝ ይችላል። ገባዎት አባባ?»

«ገብቶኛል» አልኩ በሹክሹክታ። «ትንሽ ባጫውታትስ?»

«ያስቃሉ?»

«ይሞክረኛል።»

«እንግዲያውስ ውጭ ይቀመጡ።»

እኔን! በልቅሶ ቤት እንኳ ዝም በል ተብዬ የማላውቀውን። ለሴትዮዋ ቂም ይዣለሁ።

ዶክተሩ ደግሞ የባሰ ነው። ልጅ ነው፤ ከባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ፤ ጢሙ ገና አልወሰነም። በእጁ አንድ ቅጽ ይዟል። ዕድሜ። በቁስሉና በመንጋጋው መቆለፍ መካከል ስንት ቀን አለፈ። ትኩሳት። የልብ ምት። ስኳር ወይም ደም ግፊት ነበረባቸው ወይ። ስምንት ቀን አልኩት። ቀኑ ባጠረ ቁጥር ይከፋል፣ ስምንት መካከለኛ ነው አለ። ስኳር የለባትም፤ ግፊትም የለባትም፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል አልኩት። ጉልበት ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። በየመስመሩ ጎን መስቀለኛ ምልክት ያኖራል። ብዙ መስቀል ያለበት ሰው መቃብሩን ጀምሯል ማለት ነው። እኔ በዕድሜዬ ስንት ቅጽ ሞልቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ባለጌ ቅጽ ግን አላየሁም።

ዕድሜዋን አልጠየቀኝም። ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ገለበጠው። 72። ትልቅ መስቀል።

አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ምንም አላልኩም። ውሸቴ አብራኝ ከርማ ዘመድ መስላኛለች።

ትርንጎ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሐምሌ የሴቶች ማኅበር እሑድ እሑድ እንጦጦ ለችግኝ ተከላና ለእርከን ሥራ ሲጠራት፣ ጉልበቷ አብጦ ማታ ማታ ታቃስት ነበር። ከሰባ በላይ የሆነ ሰው አይጠራም። ስለዚህ አመልካች ሆኜ ጻፍኩላት፤ በአሥራ አራት ዓመት አስረጀኋት። ለራሴም አሥራ ሁለት ጨመርኩና ከጥበቃ ተራ ተገላገልኩ። እሷ ግን ተቆጣች። «አንተ ሰውዬ፣ ሳላረጅ አስረጀኸኝ! ጎረቤት ምን ይለኛል?» ሳምንት አኩርፋኝ፣ በኋላ ተስማማች። መዝጋቢው ሲመጣ እንዳትሳሳት በጣቷ አለማመድኳት። «ማንም ይጠይቅሽ ማን፣ ሰባት ጣት፣ ከዚያ ሁለት።» መዝጋቢው መጥቶ ሲጠይቃት ሳትስቅ አሳየችው። ያን ቀን ኮራሁባት።

ዛሬ የሰማሁት ንግግር ሁሉ በ«ከ» ይጀምራል። ዶክተሩ «ከዳኑ ወር ያህል ይተኛሉ» አለ። ሲስተር «ከዳኑ መከተብ አለባቸው» አለች። የገዛ ልጄ ዘነበች «እማዬ ከዳነች እኔ ጋ ነው የምትኖረው» ብላ አፈጠጠችብኝ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ በእኛ በር አልፎ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ሁለት ጊዜ አለፈ። «ከዳኑማ እሰየው ነው» አለኝ። ጥሩምባህ ይዘጋ አልኩት። በዚህ አገር አንዲት ፊደል ሰው ትገድላለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ከተማው በሙሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ከየካ ሜዳ እስከ እንጦጦ ጥግ ድረስ ጢሱ ተኝቶ ባሕር ዛፉ እንኳ አይታይም። ትርንጎ የኅዳር ሚካኤልን ሳትስም ቀርታ አታውቅም። በእሷ ፈንታ ደጁን ስሜ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ሚካኤልንም በሹክሹክታ ነው ያናገርኩት፤ ለምዶብኛል።

ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። ሐኪም ቆሞ ከጠበቀህ ወሬው ጥሩ አይደለም።

«አባባ፣ ነገ ካልሆነ ዓርብ ጠዋት እማማን ወደ ተራው ክፍል እናዛውራቸዋለን።»

ተራውን ክፍል አይቼዋለሁ። ሠላሳ አልጋ፣ የሚያለቅስ፣ የሚሳደብ፣ ሳህን የሚያንኳኳ። የትርንጎ ጀርባ በቦርሳ ድምፅ ነው የተገተረው።

«እዚያ ከገባች ትሞታለች» አልኩት።

«አባባ፣ መተንፈሻው አንድ ነው። በር ላይ መኪና የገጨው ወጣት እየጠበቀ ነው። ከሰባ በላይ የሆነ ሰው በዚህ በሽታ ጉሮሮው ከተዘጋ መሣሪያውም ብዙ አይረዳውም። ተስፋው ላለው ነው የምንሰጠው።»

«ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው።»

ቅጹን አየ። «ሰባ ሁለት ይላል።»

«ቅጹ ይዋሻል። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ልጁ ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ በድካም ነው። «አባባ፣ አልጋ በጠበበ ቁጥር የሰው ሁሉ እናት ወጣት ትሆናለች። ትናንት አንዱ አባቱን በሃያ ዓመት አሳንሶብኛል።»

«ታዲያ እንደ በቅሎ ጥርሷን እይና ዕድሜዋን ንገረኝ!»

«መንጋጋቸው ተቆልፏል።»

«ጥርሷማ ከእሑድ ጀምሮ እየታየ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ከውስጥ ሲስተር ውብዓለም ወጥታ በዓይኗ ገደለችኝ። ከጀርባዋ የአልጋ ብረት ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። የእኔ ጩኸት ነው። ትርንጎ ናት።

ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። ዶክተሩ ገብቶ ብዙ ቆይቶ ወጣ። «አለፈላቸው» አለ። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ማስረጃ ያምጡ። የቀበሌ ማኅተም ያለበት። ያኔ እሰርዘዋለሁ።»

ልጁን ጠላሁት። የበለጠ ያናደደኝ ስለ እናቶች የተናገረው ነው። በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የምለው።

ቀበሌ ሄድኩ። ተዘግቷል። ጓድ ዳምጤ የጽዳት ዘመቻውን እየመሩ ነው ተባልኩ። አንድ የቆሻሻ ክምር ጫፍ ላይ ቆሞ በጢሱ ውስጥ አየሁት። እጁን ከኋላ አጣምሯል። ሆዱ ቀድሞታል። ጠርቼው አልሰማኝም፤ ወይም ሰምቶኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ጻፍኩ። በዕድሜዬ የመጀመሪያው እውነተኛ ማመልከቻዬ ነው፤ ስለዚህ አስቸገረኝ። ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። «እኔ አመልካች የባለቤቴን የወይዘሮ ትርንጎን ዕድሜ በሐሰት በአሥራ አራት ዓመት ያስረጀሁ መሆኔን በትሕትና እየገለጽኩ፣ ወደ ትክክለኛ ዕድሜዋ እንድትመለስልኝ…» ይላል።

ዳምጤ ከአብዮቱ በፊት እንጨት መሸጫ ዘበኛ ነበር። ለዚያ ሥራ ያመለከተበትን ወረቀት የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ያኔ «ጋሽ ይርጋ፣ እግዜር ይስጥዎ» ይለኝ ነበር። ከአብዮቱ ወዲህ «አንተ» እና «ጓድ» ሆኛለሁ። ጓድነቱን ችዬዋለሁ። በአባቱ ዕድሜ ያለን ሰው «አንተ» ማለቱ ግን አሥር ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሯል።

«ጓድ ይርጋ፣ ምን ፈለግህ?» አለኝ ቀበሌ ቢሮ ስገባ።

ወረቀቱን ሰጠሁት። ጮክ ብሎ አነበበው። «ወደ ትክክለኛ ዕድሜዋ» የሚለው ላይ ሲደርስ የቀበሌው ጸሐፊ ልጅ በሳቅ ፈነዳ። ዳምጤ አልሳቀም።

«ይህ ማለት ሕዝቡን አታለልክ ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ጽፈህ ፈርመሃል።»

«በሚያምር እጅ ጽሑፍ።»

«መልካም።» ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «ይህ እዚህ ይቆያል። ዕድሜዋ ባለበት ይቀጥላል። አንዴ የዋሸ ሰው ሁለተኛ አይታመንም። ያንተን ጉዳይ ኮሚቴው ያየዋል። የዶሮ ቤትህንም አይተነዋል፤ እንዳላየን አይምሰልህ።»

«ዳምጤ፣ ሴትዮዋ ልትሞት ነው። ነገ ጠዋት ያስወጧታል።»

«ያኔ ስታስረጃት አታስብም ነበር?»

እውነቱን ነው። ለዚህም ጠላሁት። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ኪሴ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ከቤት ጀምሮ ሲከብደኝ ነበር።

«ይህን ልጅ ለጥቂት ጊዜ አስወጣው» አልኩት። ፊቴን አየና ጸሐፊውን ውሃ አምጣ ብሎ ላከው።

«ያን ወረቀት ስታስቀምጥ ከልጅህ ፋይል አጠገብ አታድርገው።»

«ምን አልክ?»

«ሁለቱን የጻፈ አንድ እጅ ነው። አንዱን የከፈተ መርማሪ ሌላውን ለማንበብ መነጽር አያስፈልገውም።»

በመስከረም ዳምጤ በጓሮ በር ሾልኮ ወደ ቤቴ መጥቶ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ስም እየተመዘገበ ነው። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔ አሥራ ስድስት አደረግሁት። በዚህ ቀበሌ በእኔ ብዕር ያልተለጠጠ ወይም ያላጠረ ሰው የለም።

ዳምጤ ቀስ ብሎ ተነሳ። ወንበር ጎተተ። «ጋሽ ይርጋ… ይቀመጡ እስቲ። ቆመው ያወራሉ እንዴ?»

አሥር ዓመት የጠበቅኩት «እርስዎ» መጣልኝ። እንደ ዛሬ መርሮኝ አያውቅም።

ጻፈ። ፈረመ። ማኅተሙን እፍ ብሎ ረገጠው። ማኅተሙ ሲደርቅ አክብሮቱም አብሮ ደረቀ። በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ጮኸ፤

«ግን ስማ! ሃምሳ ስምንት ከሆነች ከልማት ነፃ አይደለችም! ስትድን ከሴቶቹ ጋር እንጦጦ ትወጣለች፤ አንድ እሑድ አላልፋትም! አንተም ለጥበቃ ተመዝግበሃል!»

ደረጃው ላይ ቆምኩ። ስትድን አለ።

ሐኪሙ ያላለውን፣ ነርሷ ያላለችውን፣ ልጄ ያላለችውን፣ ያ ከርሳም አለው። ሊቀጣኝ ብሎ ነው። ከአፉ አመለጠው። ተመልሼ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

አሁን ግን ቤት ገብቼ ሳስበው፣ የዳምጤን ልጅ አውቀዋለሁ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሸክም ይዞ እንኳ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳ ልጅ ነው። ዳምጤ እምቢ ቢለኝ ኖሮ አፌን እከፍት ነበር? አላውቅም። አላውቅም ብዬ መጻፌ ራሱ መልስ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ለዶክተሩ ሰጠሁት። ገለባበጠው፤ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ነካው፤ የትናንቱን ቀን አየ።

«ትኩስ ነው።»

«ከምጣዱ ትናንት ወጣ» አልኩት።

ከዚያ ቅጹን አወጣ። 72ን ሰረዘ። 58 ጻፈ። ትልቁን መስቀልም ሰረዘው። በልጅነቴ ፈተና ሳልፍ እንኳ እንዲህ ደስ አላለኝም። «መንጋጋው ከተቆለፈ ስድስተኛ ቀናቸው ነው» አለ፤ «አሁንም ጊዜው ክፉ ነው። ከዳኑ…» ጥዬው ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጉሮሮዋ ተዘጋ። አላየሁም። ሲስተር ውብዓለም ስትሮጥ ብቻ አየሁ፤ ያቺ ድመት ጫማዋ ሲጮህ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የትርንጎን አንገት ቀደው ቱቦ አስገቡ። መሣሪያው ላይ አደረጓት። በጋረዱት ጨርቅ ቀዳዳ አየሁ፤ ደረቷ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። የሚተነፍሰው ብረቱ ነው።

ስድስት ሰዓት። ወረቀቱ በገባ በስድስት ሰዓቱ።

መኪና የገጨው ወጣትም ገባ። ከአራቱ አልጋ አንዱ ጠዋት ስለተለቀቀ ነው። የተለቀቀው በምን እንደሆነ ዘነበች ጠይቃ መጥታ ፊቷን አዞረች። የሞተው ሰው ዕድሜው ስንት ነበር ብዬ አልጠየቅሁም። የወጣቱ እናት ኮሪደሩ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ትርንጎ መሣሪያው ላይ ናት፤ ልጇ ቢያስፈልገውስ? ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። በላሁት። ምን ላድርግ፣ በላሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ዳምጤ ቃሉን ጠብቋል። የጥበቃ ዱላ ተሰጠኝ። ከእኔ ይረዝማል። ሌባ ቢመጣ ዱላውን እሱ እንዲይዝልኝ እለምነዋለሁ።

ዘነበች ዛሬ አኩርፋኛለች። ትናንት ከእኔ በፊት ዶክተሩ ነግሯታል፤ ዕድሜው የእኔ ውሸት መሆኑን። «አባዬ፣ በቀልድህ እናቴን ልትገድላት ነበር» አለችኝ። የምመልሰው ነበረኝ፤ ዋጥኩት። ጉልበቷ አብጦ ነበር ብላት ምን ይጠቅማል? ምስማሩም የእኔ ነው። ዕድሜውም የእኔ ነው። ሳቁንም ሳቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ዶክተሩ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጎድሎታል፦ ባል። ቢጠይቀኝ መስቀሉን ራሴ አኖርለት ነበር።

ትርንጎ ስትድን የምሠራው፦
የዶሮ ቤቱን ማፍረስ።
ሰሌዳዋን ወደ ሲግናል መመለስ፤ በቀን።
እንጦጦ ለእርከን ስትጠራ ዶማዋን እኔ መያዝ።
ለዳምጤ ልጅ አዲስ ማመልከቻ… አይ። ይህን እሰርዘዋለሁ። ከአሁን ወዲያ የማንንም ዕድሜ አልነካም።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ዘጠኝ ቀን አልጻፍኩም። መጻፍ ያለበት «እንደ ትናንቱ ናት» የሚል ብቻ ነበር፤ እሱን ስጽፍ ብዕሬ ያፍራል።

በመካከሉ ሳንባዋን አመማት። ትኩሳት ሦስት ቀን። ዶክተሩ ጢሙን ረስቶት አደገ። ከዚያ ወረደላት። ቀጥሎ መንቀጥቀጡ መራራቅ ጀመረ። መኪና የገጨው ወጣት ወደ ተራው ክፍል በእግሩ ወጣ፤ መሣሪያውን አልፈለገውም። እናቱ ስትወጣ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እሷ ለምን እንደሆነ አላወቀችም።

የጥሩምባ ነፊው በር ላይ ማለፉን ትቷል። ተስፋ ቆርጧል መሰለኝ።

ዶክተሩና እኔ አሁን ተለማምደናል። እንጠላላለን፤ ግን በሰዓቱ። ዛሬ «ከዳኑ መራመድ እንደ ሕፃን ነው የሚጀምሩት» አለኝ።

«ሲድኑ በል» አልኩት።

«አባባ፣ እኔ የተማርኩት ሕክምና ነው፤ ሰዋስው አይደለም።»

«ያስታውቃል።»

ሲስተር ውብዓለም ከንፈሯን ነከሰች። ከዛሬ ጀምሮ አልጋው አጠገብ እንድቀመጥ ፈቅዳልኛለች። ዝም ካልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

የሚያስተኛትን መርፌ ቀንሰውላታል። መጋረጃውን ትንሽ ከፈት አደረጉት። ከመስኮቱ በስተጀርባ ርቆ እንጦጦ ይታያል፤ ዛሬ ጢስ የለም። መሣሪያውን ለጥቂት ጊዜ ነቀሉላት፤ በራሷ ተነፈሰች። ቱቦው ገና አንገቷ ላይ ስለሆነ ድምፅ አይወጣትም።

ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ፤ ቃል እንዳያመልጠኝ።

ዶክተሩ አእምሮዋ መንቃቱን ሊያይ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ከሰሙኝ ጣቴን ይጫኑ።» ጫነችው። «ዓይንዎን ይጨፍኑ።» ጨፈነች። ፊቱ በራ። ቅጹን ከኪሱ አወጣና ቀስ ብሎ፣ «አሁን ደግሞ በጣትዎ ያሳዩኝ። ዕድሜዎ ስንት ነው?»

ልናገር ስል ሲስተር ትከሻዬን ጨመቀችው።

ትርንጎ እጆቿን ከአንሶላው ላይ አነሳች። ይንቀጠቀጣሉ። ቀኝ እጇ ሙሉ፣ ከግራ ሁለት። ሰባት። አወረደቻቸው። እንደገና አነሳች። ሁለት።

ዶክተሩ ጣቶቿን አየ። ቅጹን አየ። እኔን አየ። እኔ እንጦጦን አየሁ። ሲስተር ውብዓለም ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ሰፊው ትከሻዋ ይርገፈገፋል።

ብዕሩን አወጣ። እጁ ወደ 58ቱ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደም። ከሥር ጻፈ፤ እያነበበም ጻፈው፤ «ትእዛዝ ይሰማሉ። ቁጥር ላይ ገና አልጠሩም።» ወረቀቱን አጥፎ ሲወጣ በሩ ላይ ዞር አለና በሹክሹክታ፣ «ሲድኑ እንደገና እንጠይቃቸዋለን» አለኝ።

ወደ እሷ ዞርኩ። አፏ ግራና ቀኝ ተለጥጧል። ጥርሷ ይታያል። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። መንጋጋዋ ገና አልተፈታ ይሆናል፤ ዶክተሩ በአንድ ጊዜ አይለቅም ብሏል። ወይም ደግሞ።

ሳቀች ብዬ አልጽፍም። አንዴ ጽፌው ተሳስቻለሁ። ነገ ዘነበችን አመጣታለሁ፤ እሷ ትየውና ትንገረኝ።